ቢራቢሮን በወረቀት አጥፎ ማቆየት ወይስ ወዲያው ዘርግቶ ማድረቅ?

ክረምት ላይ ደሴ ውስጥ ለጥናት የተያዘች ቢራቢሮ ዋና ጠላቷ ሻጋታ ነው። በወረቀት ማቆየቱ ቀላል ነው፦ ክንፎቿን ወደ ላይ ገጥሞ በሦስት ማዕዘን በታጠፈ ወረቀት ውስጥ ማስገባት። ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የያዛት ሰው ስም ሳትገባ በፊት ይጻፍ፤ ከገባች በኋላ እስክሪብቶው ክንፏን ይጨፈልቀዋል። «ወሎ» ብሎ መተው አይበቃም። ደሴና ኮምቦልቻ ቅርብ ለቅርብ ቢሆኑም የከፍታ ልዩነታቸው ከ500 ሜትር በላይ ነው።

ወዲያው መዘርጋት ጊዜ ይበላል፤ ለእሳት እራት ግን የግድ ነው ማለት ይቻላል። ገላዋ ወፍራም፣ አንቴናዋ ተሰባሪ ስለሆነ ወረቀት ውስጥ ትጎዳለች፤ ዝርያዋን ለመለየት የሚረዳው የኋላ ክንፏም ከፊተኛው ስር ተደብቆ ይደርቃል። መርፌው ደረቷ መሃል ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ገላዋ የፎም ሰሌዳው ቦይ ውስጥ ይቀመጣል። የፊት ክንፏ በፊት ጠርዙ ካለው ጠንካራ የክንፍ ጅማት ኋላ በቀጭን መርፌ እየተገፋ፣ የኋላ ጠርዙ ከገላዋ ጋር 90 ዲግሪ እስኪሠራ ይወጣል። ከዚያ የኋላው ይከተላል፤ ሁለቱም በወረቀት ጥብጣብ ይያዛሉ። ጣት አይንካው! ቅርፊቱ እንደ ዱቄት ይራገፋል። በበጋ 1 ሳምንት፣ በክረምት 2 ሳምንት ያህል ይቆይ፤ ቀድማ ከሰሌዳው ከተነሳች ክንፏ ወደ ታች ያዘነብላል። ሰሌዳው ውሃ ባለው ሳህን መሃል ከፍ ብሎ ካልተቀመጠ ጉንዳን ይበላታል።

በወረቀት የደረቀችውን በኋላ መዘርጋት ይቻላል፦ እርጥብ ጥጥ ባለው ክዳናም ዕቃ ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ትለስልስ፣ ጥጡ ግን ክንፏን አይንካ። ጥቂት ዴቶል ጠብ ቢደረግበት ሻጋታውን ይከላከላል።