ምራቂው 50 ሳይቴሽን ነበር፦ በቴሌግራም አርቲክል ልታሳትሙ ላሰባችሁ

ወገን፣ በተለይ ጎጃም ውስጥ ባሉ ግቢዎች የምታስተምሩ፣ ማስተርሳችሁን ጨርሳችሁ ፐብሊሽ ለማድረግ የምትሯሯጡ፣ ይቺን ሳታነቡ ለማንም ብር እንዳትልኩ። እኔ 38,000 ብር ልኬ ቀልጫለሁ። ብሩስ ይሁን፤ አርቲክሉም አብሮ ነው የሄደው።

ማስታወቂያውን ያየሁት አንድ የመምህራን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። «ስኮፐስ ውስጥ ያለ ጆርናል፣ ኢምፓክት ፋክተር 6.2፣ በ10 ቀን ተቀባይነት» ይላል። ከስሩ ደግሞ «ቀድሞ ለከፈለ 50 ሳይቴሽን በነፃ»። እንደ ገበያ ሽንኩርት ምራቂ አለው ማለት ነው። ስኮፐስ የተመዘኑ ጆርናሎች የሚመዘገቡበት ማውጫ ነው፤ ኢምፓክት ፋክተር የአንድ ጆርናል አርቲክሎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ሳይቴሽን ደግሞ ሌላ ሰው ስራህን በጽሁፉ ሲጠቅሰው ነው።

የደረጃ እድገት ፋይል የሚገባበት ሰሞን ነበር። ዳታ እንደ ልብ አይሰራም፣ ዋይፋይ ያለው ቢሮ ውስጥ ነው፣ እዚያም ወረፋ ነው። ረጋ ብሎ የሚያጣራ ማን አለ? ማስታወቂያውን የለጠፈው ደላላ ደግሞ ጨዋ ነው። «ዶክተር» እያለ ነው የሚጽፍልኝ። ዶክተር አይደለሁም። አላረምኩትም።

የላክሁለት ስራ የሁለት ዓመት ልፋቴ ነው። አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል አክስሎ ሲሸጥ ምን ያገኛል፣ መሬቱስ ምን ይሆናል የሚል ነው። 120 አባወራ ቤት ለቤት ዞሬ ጠይቄያለሁ። ጭቃው ጫማዬን አውልቆ ያስቀረበት ቀን ነበር።

በአራተኛው ቀን «ተቀባይነት አግኝቷል» ተባልኩ። የገምጋሚ አስተያየት ስጠይቅ የመጣልኝ አንድ መስመር ነው፦ «በጣም ጥሩ ስራ ነው፤ ክፍያ ይፈጸም።»

አጎቴ ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ነው። እሷን ይዘው የኔታ ፊት ሲቆሙ ስንት ጊዜ «ሰሙ አልገጠመም፣ ሂድና ቁጠር» ተብለው እንደተመለሱ ሲያወሩ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የእኔ 14 ገጽ አንዴ እንኳ አልተመለሰም። ያን ቀን መንቃት ነበረብኝ።

የታተመውን ፋይል ስከፍት የደራሲዎቹ መስመር ላይ ሶስት ስም አለ። የእኔ ሶስተኛው ነው። ከፊቴ ያሉትን ሁለቱን በህይወቴ አላውቃቸውም። አንደኛው የሚያስተምርበት ሀገር እንኳን እኔ፣ ፓስፖርቴም አያውቀውም። ደላላውን ስጠይቀው ሳያፍር «ኮ-ኦተር ሲበዛ አርቲክሉ ክብደት ያገኛል፣ ዶክተር» አለኝ። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከእኔ ለማሳተሚያ ብር ወሰደ፣ ከእነሱ ደግሞ በእኔ ስራ ላይ ቦታ ሸጠ። አንድ በሬ ሁለት ገበያ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ደራሲ መባል በመዋጮ አይደለም። የህክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አራት ነገር በአንድ ላይ ይጠይቃል፤ በሀሳቡ ወይም በመረጃው ስራ ላይ ቁም ነገር ያለው አስተዋፅኦ፣ በጽሁፉ ዝግጅት ወይም እርማት መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ከዚያ ነገ ጥያቄ ሲነሳ ለስራው ተጠያቂ መሆን። ኮሚቴው የሀኪሞች ይሁን እንጂ ሌላውም ዘርፍ ይጠቅሰዋል። እነዚያ ሁለት ሰዎች ፋግታ ለኮማን ካርታ ላይ የሚያገኟት አይመስለኝም። ጉዳቱ ደግሞ የስሜት ብቻ አይደለም። አንዳንድ ቆጠራ አንድን አርቲክል ለደራሲዎቹ እኩል ያካፍለዋል። ብቻዬን ብሆን 1 የነበረው ሲሶ ሆነ ማለት ነው። በእኛ ግቢ ደንብ ደግሞ ነጥቡ በስም ቅደም ተከተል ነው፤ ሶስተኛ ተቀምጬ የሚደርሰኝ ፍርፋሪ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ሰውየው የሚሸጠው ቁጥር ስለሆነ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሰራ ያወቀ አይሸወድም። እኔ ያወቅሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ኢምፓክት ፋክተር ማካፈል ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። አንድ ጆርናል በፈረንጆቹ 2022 እና 2023 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው) በድምሩ 100 አርቲክል አወጣ እንበል። እነዚያ 100 አርቲክሎች በ2024 ውስጥ 250 ጊዜ ከተጠቀሱ፣ የ2024ቱ ኢምፓክት ፋክተር 2.5 ነው። አለቀ። የእኔን «ጆርናል» ወደ ኋላ ገልጬ ሳየው የመጀመሪያው እትም የወጣው ከሰባት ወር በፊት ነው። የሁለት ዓመት ስራ ተቆጥሮ የሚገኝ ቁጥር የሰባት ወር ጆርናል ከየት አመጣው? ልጁ ሳይወለድ ፂም አበቀለ። ይህን ቁጥር በየዓመቱ የሚያወጣው ክላሪቬት የሚባለው ድርጅት ነው። የእኔዎቹ ግን ስሙ የሚያምር አንድ ድረ ገጽ ከፍለውት የሰጣቸውን ሰርተፍኬት ነበር የለጠፉት። ማህተም አለው፣ የወርቅ ቀለም አለው።

ደግሞ እውነተኛው ቢሆንስ? ሀሳቡን በ1955 ያነሳው ዩጂን ጋርፊልድ ነው፤ ቤተ መጻህፍት የትኛውን ጆርናል ይግዙ ለሚለውም ሲያገለግል ኖሯል። የጆርናል አማካይ ነው፣ የሰው ሚዛን አይደለም። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰባሰቡ አዘጋጆችና አሳታሚዎች «ተመራማሪን በጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር አትመዝኑት» የሚል መግለጫ ያዘጋጁት ለዚህ ነው። የእኛ ኮሚቴዎች ይህን ቢያነቡት ግማሹ ደላላ ስራ በፈታ ነበር። ይቺ የእኔ ምሬት ናት፣ እለፏት።

ምራቂው ሳይቴሽን ደግሞ ያስቃል። በፊት ሶስት አርቲክል ነበረኝ፤ አንዱ፣ የቀድሞው የከሰል ጥናቴ፣ 11 ጊዜ፣ አንዱ 4 ጊዜ፣ አንዱ 1 ጊዜ ተጠቅሷል። ኤች-ኢንዴክስ የሚባለውን የተመራማሪ መለኪያ በ2005 ያመጣው ሆርኬ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሰው ነው። ቢያንስ አምስት አምስት ጊዜ የተጠቀሱ አምስት አርቲክሎች ካሉህ ኤች-ኢንዴክስህ 5 ነው፤ ስድስት ለማለት ስድስቱም ስድስት ስድስት ጊዜ መጠቀስ አለባቸው። የእኔ 2 ነው። ሰዎቹ 50ውን ሳይቴሽን በሙሉ 11 የነበረው ላይ አፈሰሱት። 61 ሆነ። ኤች-ኢንዴክሴስ? ያው 2። ያንኑ አርቲክል ሺህ ጊዜ ቢያስጠቅሱት ያው 2 ነው። የሸጡልኝን እንኳ አያውቁትም።

የጠቀሱኝን ወረቀቶች ከፈትኳቸው። አንዱ ስለ ጥርስ ህክምና ነው። በመሃሉ ያለ ምንም ምክንያት የእኔ የከሰል ጥናት ተጠቅሷል። ቆይቶ ፋይሎቹ ከተጫኑበት ጠፉ፤ ሳይቴሽን የሚቆጥረው ጉግል ስኮላር ላይ 61 ተመልሶ 11 ሆነ። የክፍል ባልደረቦቼ ሲወጣም ሲወርድም አይተውታል።

ይህ ማጭበርበር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያሳየች ድመት አለች፣ ቀልዴን አይደለም። በ2024 ሪስ ሪቻርድሰን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እንዲህ ያለ የሳይቴሽን ሽያጭ ካየ በኋላ በአያቱ ድመት በላሪ ስም ትርጉም የሌላቸው 12 ወረቀቶች ጫነ፤ ወረቀቶቹን የሚጠቅሱ ሌሎች 12 የውሸት ወረቀቶችም ጨመረ። ላሪ 132 ሳይቴሽንና ኤች-ኢንዴክስ 11 አገኘ። ከእኔ በዘጠኝ ይበልጣል። ከዚያ በፊትም በ2010 ሲሪል ላቤ የሚባል ፈረንሳዊ በኮምፒውተር በተፈበረኩ ወረቀቶች «አይክ አንትካሬ» የሚባል የሌለ ሳይንቲስት ፈጥሮ ኤች-ኢንዴክሱን 94 አድርሶታል።

ዋናው ኪሳራ ግን ይሄ ነው። የደረጃ እድገት ኮሚቴው ጆርናሉን ስኮፐስ ላይ ፈልጎ አጣውና ፋይሌን መለሰ። እሺ፣ ሌላ ጋ ልላከው አልኩ። አይቻልም። አንዴ የታተመ ስራ እንደ አዲስ ሌላ ጆርናል አይገባም። አንሱልኝ ብዬ ስጽፍላቸው «ለማውጫ 300 ዶላር» አሉኝ። ለመግባት ክፍያ፣ ለመውጣት ክፍያ። የ120 አባወራ መልስ እዚያ ታስሮ ቀረ።

እና ከመላካችሁ በፊት ጆርናሉን ራሳችሁ ፈልጉት። የስኮፐስ የጆርናል ዝርዝር ያለ ክፍያ ይታያል፣ የክላሪቬትም እንዲሁ። በነፃ ለሚነበቡት ጆርናሎች ዶአጅ (DOAJ) የሚባል ዝርዝር አለ። ስም ብቻ አትፈልጉ፤ አይኤስኤስኤን (ISSN) የሚባለውን የጆርናሉን መለያ ቁጥር አስገቡና ከዚያው ዝርዝር ወደ ጆርናሉ ድረ ገጽ ሂዱ፣ ምክንያቱም የታወቀ ጆርናል ስምና ቁጥር ሰርቀው አስመስለው ገጽ የሚከፍቱ አሉ። አይኤስኤስኤን አለው ማለት ደግሞ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ እንደ መኪና ታርጋ ነው፣ ሾፌሩ ሰካራም ይሁን አይሁን አይናገርም። የሀገር ውስጥ ከሆነ ትምህርት ሚኒስቴር እውቅና የሰጣቸውን ዝርዝር የምርምር ቢሮአችሁን ጠይቁ።

ለማሳተም ገንዘብ የግድ የሚመስላችሁም አላችሁ፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ከኢትዮጵያ ለሚላክ ስራ ክፍያውን ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ። ስራውን ስታስገቡ ጠይቁ። ለደላላው 38,000 ብር ከመላኬ በፊት ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ስማችሁን ደግሞ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ያዙ። እኛ ቤተሰብ ስም የለንም፤ ፈረንጅ ሲጠቅሰን አባታችንን ነው የሚጠራው። የእኔ ስም በላቲን ፊደል በሁለት ዓይነት ስለተጻፈ ሳይቴሽኔ ለሁለት ሰው ተከፍሎ ኖሯል። ኦርሲድ የሚባለው ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ በነፃ ነው፤ በስልክም ይወጣል። አባቴ ግን 11 ጊዜ መጠቀሱን ስነግረው «ስለ ምን?» አለ። ስለ ከሰል አልኩት። «እኔ ከሰል አክስዬ አላውቅም» ብሎ ተቆጣ።

ደላላው አሁንም ግሩፑ ላይ አለ። ባለፈው እሁድ ማታ «ዶክተር፣ አሁን ደግሞ ኢምፓክት ፋክተር 8.4 ያለው ገብቶልናል፣ ለቆየ ደንበኛ በቅናሽ» ብሎ ጻፈልኝ። የጆርናሎቹን ስምና የሰርተፍኬቱን ስክሪንሾት አስቀምጫለሁ። ብር ልትልኩ ጫፍ ላይ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አነጻጽሩት።