ለአስታማሚዎች ስለሚሰጠው የእጅ መታጠብ ትምህርት

እናቴ የተኛችበት ሆስፒታል፣ ነርሶቹ ለአስታማሚ የሚሰጡትን የእጅ ንጽህና ትምህርት በጣም ወድጄዋለሁ። ወሬ ብቻ አይደለም። ነርሷ ቧንቧው ጋ ወስዳ እጅ በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ እንዴት እንደሚታጠብ፣ አውራ ጣትና የጣቶች ጫፍ እንዳይረሳ አሳየችን፣ ከዚያ "በሉ እናንተም አሳዩኝ" አለች። በእጅ ማጽጃ አልኮል ከሆነ ደግሞ እስኪደርቅ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት ይበቃል፤ እጅ በግልጽ ከቆሸሸ ግን ውሃና ሳሙና የግድ ነው። እኛ አገር የሚያጎርሰውም ፖፖ የሚደፋውም አስታማሚ ስለሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴንም "እማማ፣ ሐኪምም ቢሆን እጁን ሳያጸዳ ሊነካዎት ከመጣ ይጠይቁት" አሏት። ጎበዞች! ቅር ያለኝ ከሰዓት በኋላ ውሃው መጥፋቱ ነው፣ ሳሙናውም ቶሎ ያልቃል። ቢያንስ ቧንቧ የተገጠመለት ሮቶ በየክፍሉ በር ላይ ይቀመጥልን።