አየርላንድ በባቡር፦ ፓስ ይሻላል ወይስ የየጉዞው ትኬት?

ፓስ፣ ማለትም አንዴ ተከፍሎበት ለተወሰኑ ቀናት በባቡር የሚያስኬድ የጉዞ ፈቃድ፣ ለመግዛት ከመቸኮላችሁ በፊት የአየርላንድን የባቡር ካርታ እዩት። ሐዲዱ በአብዛኛው ከደብሊን ተነስቶ ወደየአቅጣጫው ይበተናል። ከጎልዌይ ከተማ ወደ ኮርክ ከተማ እንኳ ባቡር ሳይቀይሩ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ብዙ ሰው ደብሊን አድሮ ደርሶ መልስ ይጓዛል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ እኔ ትኬት ነው የምለው።

ትኬቱ ቀደም ብሎ በኢንተርኔት ሲቆረጥ ጣቢያ ላይ ከሚቆረጠው ይረክሳል። ደብሊን–ኮርክ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ባቡሩም በየሰዓቱ አለ። ወንበር ከያዛችሁ ከበላይ ባለችው ትንሽ ስክሪን ላይ ስማችሁ ይወጣል፤ የእኔን የመሰለ ረጅም ስም ግን መጨረሻው ይቆረጣል። ጉዳቱ ርካሹ ትኬት ከአንድ ባቡር ጋር ያስራችኋል፤ ካመለጣችሁ ገንዘቡን እርሱት።

ፓሱ ከዚህ ጭንቀት ያሳርፋል፤ ያሰኛችሁ ሰዓት ትሳፈራላችሁ። አውሮፓ ነዋሪ የሆነ ሰው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢይዝም ኢንተርሬይል የሚባለውን ፓስ ይገዛል፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣው ደግሞ ዩሬይል የሚባለውን። የሚያዋጣው ግን ዛሬ ኮርክ፣ ነገ ኪላርኒ፣ ከዚያ ጎልዌይ እያለ በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወንበር ሳይዙ መግባት ደግሞ ቆሞ መሄድን ሊያመጣ ይችላል።

ፓሱ ቤልፋስትንም ይይዛል፤ ከደብሊን 2 ሰዓት ያህል ነው። ድንበሩ ላይ ቋሚ ኬላ ስለሌለ ብዙ ሰው ይዘናጋል እንጂ ቤልፋስት ብሪታንያ ናት፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ የብሪታንያ ቪዛ ያስፈልገዋል። አየርላንድ ራሷም ሼንገን ውስጥ የለችም፤ የጣሊያን ወይም የጀርመን ቪዛ አያስገባም።

የፓስ ቀናችሁን በከተማ ባቡር አታቃጥሉ። ዳርት የሚባለው የደብሊን የባሕር ዳር ባቡር ሊፕ በሚባለው ገንዘብ የሚሞላበት የትራንስፖርት ካርድ ይከፈላል፣ ርካሽ ነው። ከደብሊን በስተደቡብ ወዳለችው ብሬይ ስትወርዱ በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ባሕሩ ከመስኮቱ ሥር ነው።

ትኬትም ሆነ ፓስ ያዙ፣ ደብሊን ውስጥ የምትነሱበትን ጣቢያ ስም አጥርታችሁ አንብቡ። ኮርክና ጎልዌይ ከሂውስተን፣ ቤልፋስትና ስላይጎ ከኮኖሊ ነው የሚነሱት። እኔ ስላይጎ ልሄድ ሂውስተን ቆሜ ሰሌዳው ላይ ስሟን ስፈልግ ባቡሬ ከኮኖሊ ሄዷል። ሁለቱን ጣቢያዎች የሚያገናኘው ሉአስ የሚባለው የከተማ ትራም ቀይ መስመር ነው።

ከደብሊን አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ጎልዌይ ለምትሄዱ ግን ፓሱንም የባቡር ትኬቱንም ተዉት። ማረፊያው ባቡር የለውም፤ አውቶቡሱ ግን ከደጁ ይነሳል፣ ሻንጣ ይዞ ሂውስተን ድረስ መንከራተት የለም።