«ዋንዛ ነው» የተባላችሁትን ዕቃ ቫርኒሽ ሳይቀባ እዩት

ደብረ ብርሃንና አካባቢው የምትኖሩ፣ በተለይ ለሠርግ ወይም ለአዲስ ቤት ዕቃ ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ያወቅሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ታናሽ እህቴ ያገባችው ባለፈው ግንቦት ነው። እኔም ሰኔ ላይ ለአዲሱ ቤቷ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን አዘዝኩላት። የአናጢ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጸብ ፈልጌ አይደለም፣ እንዲህ የሚሠራውም እሱ ብቻ እንዳልሆነ ከጎረቤቶቼ ሰምቻለሁ። ሻጩ ልጅ ትሁት ነበር። ግድግዳ የተደገፈ ሳንቃ እያሳየ «እትዬ፣ ይሄ ንጹህ ዋንዛ ነው፤ እህትዎ ለልጅ ልጆቿ ታወርሰዋለች» አለኝ። ሳንቃው በእርግጥም ዋንዛ ነበር። በ62 ሺህ ብር ተስማማን፤ 40 ሺህ ቀብድ ሰጠሁ። ዕቃው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተቀብቶና ተወልውሎ እያብረቀረቀ መጣ።

እስከ መስቀል ደህና ነበር። ኅዳር ገብቶ የአገራችን ውርጭና ደረቅ ነፋስ ሲጀምር የመካከሉ በር አልገጥም አለ። ቀጥሎ የግራው ቋሚ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ የተሰነጠቀው ሌሊት ነው፣ ድምፁ እህቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት። የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ወለል በሚወለወልበት ውሃ ብቻ አብጦ መላጥ ጀመረ።

አጎቴን ጠራሁት። ዕድሜውን በአናጢነት የጨረሰ የአንኮበር ሰው ነው። ብዙ አላወራም። በሩን ከማጠፊያው ፈታ፣ የብሎኑን ቀዳዳ በሚስማር ጫረና የረገፈውን መዳፉ ላይ ይዞ አሳየኝ። «ልጄ፣ ይሄ ቺፑድ ነው። ላዩ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳች የዋንዛ ልባጥ በኮላ ተለጥፋለች። ቋሚው ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም በቅጡ ሳይደርቅ የተሠራ። ስንጥቁን በስቱኮ ደፍነው ቀለም ለቀለቁበት» አለኝ።

ሱቁ ስመለስ ያገኘሁት መልስ ግን ከስንጥቁ የባሰ አንገበገበኝ። «እትዬ፣ እኔ እኮ የዋንዛ ከለር ነው ያልኩዎት።» ደረሰኙን አወጣሁ። «ባለ 3 በር ቁም ሳጥን፣ 1» ይላል። ሌላ ምንም የለም።

ዋንዛ ለምን እንዲህ እንደሚፈለግ አጎቴ እየፈታታ አስረዳኝ። ልቡ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ሲላግ ይታዘዛል፤ ከደረቀ በኋላ ብዙም አይጣመምም፤ ደግሞም ቀላል ነው። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ከዋንዛ የሚጠረበውም ለዚህ ነው። ቅለቱ ዋናው መለያ ነው፣ ልብ በሉ። ባሕር ዛፍ ከዋንዛ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ «ዋንዛ ስለሆነ ነው የከበደው» ቢሏችሁ አትመኑ፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሌላም አለ፤ ዋንዛ የወይና ደጋና ከዚያ ዝቅ ያለ አገር ዛፍ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ በእኛ ደጋ ዋንዛ እንደ ባሕር ዛፍ በየጓሮው አይገኝም፤ ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ከሁሉም ቤት በግማሽ የረከሰ «ዋንዛ» ስታዩ ቆም ብላችሁ ጠይቁ።

ባሕር ዛፍን እየነቀፍኩ አይደለም። በምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የሸዋን ደጋ ቤት የሠራውና ምድጃውን ያነደደው እሱ ነው፤ ስንቱ ገበሬ ልጁን ያስተማረው አጣና ሸጦ ነው። ለማገር፣ ለጣሪያ፣ ለአጥር የሚያህለው የለም። ችግሩ እርጥቡን ቸኩሎ መሥራት ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ክፉኛ ይሸበሸባል፣ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ቀስ ብሎ ጥላ ውስጥ ተደርድሮ የደረቀ ከሆነ ግን ጠንካራ ዕቃ ይወጣዋል። የድሮ አናጢዎች ሒሳብ አንድ ኢንች ውፍረት ላለው ሳንቃ አንድ ዓመት ነው። የቤት ዕቃ እንጨት ውስጡ የሚቀረው እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው ለሥራ የሚደርሰው። ሐምሌና ነሐሴ በዚያ ጉምና ዝናብ ደጅ የተከመረ እንጨት እዚያ አይደርስም። የእኔ ጥፋት ይህ ነበር፦ በክረምት አዝዤ በክረምት ተረከብኩ። እርጥቡ እንጨት ክረምቱን ሙሉ ልክ መስሎ ቆየ፤ በጋ ሲገባ ጉዱ ወጣ። ከቻላችሁ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ አሠሩ።

ጥድ ላይም ተመሳሳይ ጨዋታ አለ። የሐበሻ ጥድ ልቡ ቀይ ነው፣ ሲላግ ሽታው ቤቱን ይሞላል፣ ምስጥ አይደፍረውም፤ የጥንት ቤተ ክርስቲያኖቻችን ምሰሶና በር የሆነው ስለዚህ ነው። «ጥድ» ተብሎ የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ጥድ ነው፤ ገርጣ ያለና ጉጥ የበዛበት። ለአልጋ ርብራብና ለመደርደሪያ ይሆናል፤ መሬት ለሚነካ የደጅ በር መቃን በሐበሻ ጥድ ዋጋ ከገዛችሁት ግን ተጎዳችሁ። ዝግባ ደግሞ ቢጫማ፣ ልስልስና ሽታ የሌለው ነው፤ ለቤት ውስጥ ያምራል፣ ምስጥ ባለበት ግን አይበረክትም።

«ከወፍ ዋሻ የወጣ ዝግባ ነው» ብሎ በጆሮ የሚያንሾካሹክ ሻጭ ካጋጠማችሁ ደግሞ ጥላችሁ ውጡ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ከደብረ ሲና በላይ ያለው የወፍ ዋሻ ደን የቀረችን ቅርስ ናት፤ በእኛ ቁም ሳጥን ምክንያት እንድትመናመን አልፈልግም።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንጨት ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቺፑድም ኤምዲኤፍም በራሳቸው ማታለያ አይደሉም። ማታለያው በዋንዛ ዋጋ መሸጣቸው ነው። ቺፑድ የእንጨት ፍርፋሪ በኮላ ተለውሶ በሙቀት የተጨመቀ ነው። ለመኝታ ቤት ቁም ሳጥን ጎን ይሆናል፤ ነገር ግን ብሎን አንዴ ከተፈታ ደግሞ አጥብቆ አይዘውም፣ ውሃ ካገኘው ያብጣል፣ ቢደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም። 18 ሚሊ ሜትር የሆነ የቺፑድ መደርደሪያ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ያለ መካከለኛ ድጋፍ ከተዘረጋ መጽሐፍ ስትጭኑበት ይጎብጣል። ኤምዲኤፍ እንጨቱ እንደ ጥጥ ተፈትቶ የተጨመቀ ስለሆነ ገጹ ለስላሳ ነው፣ ቀለም ደስ ብሎት ይቀበላል፣ ለተቀባ በር ጥሩ ነው። ውሃ ግን እሱንም ያሳብጠዋል። ለወጥ ቤት፣ በተለይ ከማጠቢያው ሥር፣ ኮምፔንሳቶ ይሻላል፤ ስስ ገጾቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተሻግረው ስለተጣበቁ አይሰነጠቅም፣ ብሎንም ይይዛል። እሱም ቢሆን ጠርዙ መታሸግ አለበት። አዲስ ዕቃ ሲከፈት ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለው ከኮላው የሚወጣ ፎርማልዴሃይድ ነው። ያልተሸፈነ ጠርዝ አብዝቶ ይተፋዋል። የሕፃን ክፍል ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ጠርዙ ሁሉ መሸፈኑን እዩ፣ ለጥቂት ሳምንት በሩን ከፍታችሁ አናፍሱት።

እንዴት ትለያላችሁ? ፊቱን አትዩ፤ ፊቱ የተሠራው ለማሳመን ነው። የመሳቢያውን ጀርባ፣ የማጠፊያውን ጉድጓድ፣ የበሩን የላይኛ ጫፍ እዩ። ሙሉ እንጨት ከሆነ ፊቱ ላይ ያለው መስመር ጫፉ ድረስ ይሄዳል፣ ጫፉ ላይም የእንጨቱ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ልባጥ ከሆነ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሁለት በር ላይ አንድ ዓይነት መልክ ቁርጥ ብሎ ከተደገመ የታተመ ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ ግንድ የወጡ ሳንቃዎች እንኳ መልካቸው አንድ አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ለምኑ፦ ዕቃው ተገጣጥሞ፣ ቫርኒሽና ስቱኮ ሳይነካው፣ ጥሬውን ልይ በሉ። ቀለም ከገባ በኋላ አጎቴን የመሰለ ሰው እንኳ ሳይፈታ በእርግጠኝነት መናገር ይቸግረዋል። ክፍያውን ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ ሲሶውን ለእንጨት መግዣ፣ ሲሶውን ጥሬውን ካያችሁ በኋላ፣ ቀሪውን ቤት ሲገባ። አናጢውም እንጨት መግዣ ያስፈልገዋልና ያለ ቀብድ ሥራ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ሐቀኛ አናጢ በዚህ አይቆጣም። ይህን ከጠየቅኋቸው ሦስት ቤቶች እምቢ ያለኝ አንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎች ሁለቱ ራሳቸው ስልክ ደውለው «ይምጡና ይዩት» አሉኝ።

ደረሰኝ ላይም አስጽፉ፦ ቋሚው ምን እንጨት፣ በሩ ምን፣ ጀርባው ምንና ስንት ሚሊ። «ሙሉ ዋንዛ» እና «የዋንዛ ከለር» የተለያዩ ቃላት ናቸው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የእኔ ግን ጉድለቱ የታየው በሦስተኛው ወር ነው፤ ወረቀቴም ባዶ ነበር። ስለዚህ በተረከባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት በሩን ፈታችሁ፣ ጀርባውን አዙራችሁ እዩ። ያልተስማማ ነገር ካገኛችሁ ፎቶ አንሱና በጽሑፍ አመልክቱ።

የእህቴን ቁም ሳጥን አጎቴ አፍርሶ ጎኖቹን ለጓዳ መደርደሪያ አደረጋቸው፤ ቋሚዎቹ እስከ ሚያዝያ ጥላ ውስጥ ተደርድረው ይደርቃሉ። እስከዚያ ልብሷ ሻንጣ ውስጥ ነው። በዚህ ሳምንት ዕቃው «ሊቀባ ነው» የተባለ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይሂድ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ የበሩን ጫፍና የማጠፊያውን ጉድጓድ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ለአጎቴ አሳየዋለሁ።