5.73 ወይስ 4.42? ዳገት ለሚወጣ ሲኖትራክ የሚሻለው ዲፈረንሻል

ሲኖትራክ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው የፈረስ ጉልበት ነው፤ 336 ነው ወይስ 371? የናፍጣውን ወጪ የሚወስነው ግን ከኋላ፣ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ሬሾ ነው። ገላን ወይም ለገጣፎ ለሽያጭ የቆሙ ሁለት ሆዎ (የሲኖትራክ ሞዴል) 371ዎች ሞተራቸው ያው 9.7 ሊትር፣ ካምቢዮአቸው ያው ባለ 10 ማርሽ ሆኖ አንዱ 5.73፣ ሌላው 4.42 ሊሆን ይችላል። ሻጭ ካልተጠየቀ አይናገረውም።

5.73 ማለት ጎማው አንዴ እንዲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 5.73 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ገልባጭ ላይ የሚገኘው ይህ ነው፤ 4.42 እና 4.8 ተሳቢ በሚጎትቱት ላይ ይበዛሉ። በ12.00አር20 ጎማ፣ በ10ኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው በግምት ይህን ያህል ነው፦

| ሬሾ | በ50 ኪ.ሜ በሰዓት | በ80 ኪ.ሜ በሰዓት |
|---|---|---|
| 5.73 | 1,390 ዙር | 2,230 ዙር |
| 4.8 | 1,170 ዙር | 1,870 ዙር |
| 4.42 | 1,070 ዙር | 1,720 ዙር |

የ371ዱ ሞተር ሙሉ ቶርኩን፣ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይሉን (1,500 ኒውተን ሜትር) የሚሰጠው ከ1,100 እስከ 1,600 ዙር ባለው ክልል ነው፤ ናፍጣ የሚቆጥበውም እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ 5.73 የያዘ መኪና በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ 80 ሲነዳ ሞተሩ ጣሪያው ላይ ደርሶ ይጮኻል። ባዶውን ቢሆን እንኳ የሚያቃጥለው ለጩኸቱ ነው።

ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ዳገት ስለምሠራ 5.73 ይሻለኛል» ይላሉ። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ግን 5.73ቱ በ8ኛ ማርሽ በ1,400 ዙር 28 ኪ.ሜ በሰዓት፣ 4.42ቱ በ7ኛ ማርሽ በዚያው ዙር 27 ኪ.ሜ ይሄዳል። ያው ነው ማለት ይቻላል፤ አንድ ማርሽ ዝቅ ማለት ብቻ። ልዩነቱ የሚታየው ዳገቱ ሲያልቅ ሜዳው ላይ፣ እና መነሻው ላይ ነው። ከድንጋይ ካባ ጉድጓድ ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ሌላ ጉዳይ ነው፤ 4.42ቱ በ1ኛ ማርሽ የሚያገኘው የመሳብ ኃይል በ23 በመቶ ያንሳል። አሽከርካሪው ፍሪሲዮን እያንሸራተተ ሊያስነሳው ሲታገል ዲስኩ ይቃጠላል፣ የተቆጠበው ናፍጣም ለፍሪሲዮን ይከፈላል።

እንግዲህ በሥራው እንምረጥ። ከሞጆ በኩል አሸዋ ጭኖ በአስፋልት ወደ ቱሉ ዲምቱ ለሚመጣ መኪና 4.42 ወይም 4.8። ካባ ውስጥ ገብቶ በኮረኮንች ለሚወጣ፣ በቀን አጭር ምልልስ ለሚሠራ 5.73። ከሙገርና ከደርባ ሲሚንቶ ጭኖ በሱሉልታ አድርጎ እንጦጦን ለሚወርድ፣ ሁለቱንም ለሚቀላቅል፣ 4.8ን እንመርጣለን።

የፈረስ ጉልበቱስ? 35 ቶን ይዞ 6 በመቶ ተዳፋት ባለው የ5 ኪ.ሜ ዳገት ላይ 371ዱ 336ቱን የሚቀድመው በአንድ ደቂቃ አካባቢ ነው። ናፍጣው ግን አይለያይም፤ 35 ቶንን 300 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ በማንኛውም ጥሩ ሞተር 7 ሊትር ያህል ይሄዳል። 371 የሚያዋጣው ተሳቢ ለሚጎትት ነው። ለገልባጭ ግን የዋጋውን ልዩነት ለጎማ ማዋል ይሻላል።

ባለ 16 ማርሹን ኢቬኮ ትራከርም የሚያወዳድሩ አሉ። የሆዎ ማርሾች ተራርቀዋል፤ ከ9ኛ ወደ 10ኛ ሲገባ ዙሩ በሩብ ይወድቃል። በ1,400 የቀየረ አሽከርካሪ 1,050 ላይ ያርፋል፤ ዳገት ላይ ከሆነ ሞተሩ ይታነቅና ወዲያው መመለስ ይመጣል። ስለዚህ በሆዎ ዳገት ላይ ወደ ላይ መቀየር ያለበት ከ1,600 በላይ ሲሆን ነው። በ16ቱ ማርሽ በትንሽ በትንሹ መቀየር ስለሚቻል ሞተሩን ቁጠባው ክልል ውስጥ ማቆየት ይቀላል። ማርሽ መቀየር ለሚሰለቸው አሽከርካሪ ግን ያ ሁሉ ማርሽ ትርፍ ነው።

በቁልቁለት ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ናፍጣ ይቆጥባል የሚባለው ተረት ነው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ፖምፓው ናፍጣውን ይዘጋል፤ ማርሽ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ያቃጥላል፣ ፍሬኑም ብቻውን ይቀራል። ሲገዛ የጭስ መውጫውን የሚዘጋው ሞተር ፍሬን መሥራቱን መሞከር ያስፈልጋል። ጉልበቱ የሚታየው ከ1,800 ዙር በላይ ስለሆነ 1,200 ላይ ሞክሮ «ደካማ ነው» ማለት አይገባም።

ያገለገለ መኪና ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ካወጣ ጥርጣሬ ይገባል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ወለል በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦው ይህን የሚያካክሰው አየር ካላፈሰሰ ነው። ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር (አየር ማቀዝቀዣው) የሚሄደውን ላስቲክና የአየር ፊልትሮውን ይመልከቱ፤ የካባ አቧራ ፊልትሮውን ቶሎ ይደፍነዋል። ሁለቱ ደህና ሆነው ጭሱ ከቀጠለ፣ መኪናው ጉልበተኛ እንዲመስል ፖምፓው ከልክ በላይ ተከፍቶ ይሆናል።

ሬሾውን ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም። በሜዳ ላይ በ10ኛ ማርሽ ፍጥነቱን በስልክ ጂፒኤስ 50 ላይ አጽንተው ዙሩን ከላይ ካለው ሰንጠረዥ ጋር ያስተያዩ። ዳሽቦርዱ የሚያሳየውን ፍጥነት አይመኑ፤ ጎማ ወይም ዲፈረንሻል ተቀይሮ ከሆነ ይዋሻል። ከዚያ የመካከለኛውንና የኋለኛውን ዲፈረንሻል ሙቀት ከመንገድ መልስ ያነጻጽሩ። ኮሮናና ፒኞኑ (ሬሾውን የሚወስኑት ጥርሶች) በአንዱ ላይ ብቻ በሌላ ሬሾ ተተክቶ ከሆነ ሁለቱ እርስ በርስ ይጓተታሉ፤ ዘይቱ ይግላል፣ ጎማው ያለ ጊዜው ያልቃል፣ ጭቃ ውስጥ ሁለቱን የሚያጣብቀው ሎክ ሲገባ ደግሞ ይሰበራል።