ጎንደር ለሰርግ ለምትመጡ፦ የቱን አይታችሁ የቱን ትተዉ?

የሰርግ እድምተኛ እንደ ቱሪስት አይደለም። ቱሪስት ጊዜው የራሱ ነው። እድምተኛ ግን ቅዳሜ ሰርግ፣ እሁድ መልስ፣ መሃል ላይ ደግሞ "ቤቴን ሳትረግጡማ አትሄዱም" የሚል ዘመድ አለበት። ስለዚህ ጎንደር ውስጥ ያለውን ሁሉ ብዘረዝርላችሁ ጥቅም የለውም። የሚጠቅማችሁ ያቺን በመሃል የምትተርፍ ግማሽ ቀን የት ብታውሏት እንደሚሻል ማወቅ ነው። እኔ እያነጻጸርኩ የሚመስለኝን እላለሁ፣ ምርጫው የእናንተ ነው።

ፋሲል ግቢ ወይስ ደብረ ብርሃን ሥላሴ?

ሁለቱንም ማየት ለሚችል ጥያቄው የለም። አንድ ብቻ ከሆነ ግን ከማን ጋር እንደመጣችሁ ይወስነዋል።

ፋሲል ግቢ ሰፊ ነው። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ ያሠሩት ግንብ አለ። ከዚያ ተከታዮቻቸው እየተቀባበሉ የየራሳቸውን ጨመሩበት፦ የፃድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት የዘፈን አዳራሽ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት፣ የአንበሶቹ ቤት ሳይቀር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 መዝግቦታል። በወጉ ለማየት ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፣ አስጎብኚም ያስፈልጋል። ያለ አስጎብኚ ከገባችሁ ድንጋይ አይታችሁ ፎቶ ተነስታችሁ መውጣት ነው። የኢያሱ ግንብ ለምን እንደዚያ እንደፈራረሰ ካልተነገራችሁ በእርጅና ይመስላችኋል፤ እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስወጣት የጣሉት ቦምብም እጁ አለበት። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ምርጫው ይሄ ነው፣ የሚሮጡበት ሜዳ አላቸው። ታኮ ጫማ አድርጋችሁ ግን አትሞክሩት። ሙሽሮቹ ፎቶ ለመነሳት እዚያ ከመረጡ ነጠላ ጫማ በቦርሳ ያዙ።

ሥላሴ ሌላ ነገር ነው። ትንሽ ነው፣ ብዙ አያስኬድም፣ ስለዚህ እናትና አያት ለያዘ ሰው ይመቻል። አንዴ ጫማችሁን አውልቃችሁ ገብታችሁ ቀና ስትሉ ጣሪያው በሙሉ የኪሩቤል ፊት ነው። ክንፍ ያለው ራስ ብቻ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ዓይናቸው ትልልቅ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ትንሽ ቆም ካላችሁ ግን ፊታቸው እንደሚለያይ ታያላችሁ፣ አንዱ ኮስተር ያለ፣ ሌላው ፈገግ ሊል የደረሰ። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ይሄ ቤተ ክርስቲያን የተረፈው ንቦች ወጥተው ስላባረሩት ነው ይባላል፤ ቄሶቹን ጠይቋቸው፣ ከእኔ አሳምረው ነው የሚያወሩት። ፍላሽ ክልክል ነው። እሁድ ከሆነ ቅዳሴ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።

የእኔ? ሥላሴ። ያለ ምንም ማመንታት። ግንቡንማ ፒያሳ ስትዘዋወሩም በአጥሩ በኩል ታዩታላችሁ።

ፋሲል መዋኛ ወይስ ቁስቋም?

መዋኛው ከመሃል ከተማ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ባጃጅ ያደርሳችኋል (ዋጋውን ሳትገቡ ተስማሙ፣ ለሰርግ እንደመጣችሁ በልብሳችሁ ያውቃሉ)። ውኃው ከቀሃ ወንዝ ተስቦ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። በሌላ ጊዜ ባዶ ገንዳ ልታገኙ ትችላላችሁና ቅር እንዳይላችሁ። ደግነቱ የዛፎቹ ሥር አለ፤ የድንጋዩን አጥር እንደ ጣት ጨብጦ ይዞታል፣ ለእሱ ብቻ እንኳ መሄድ ያዋጣል።

ቁስቋም ጸጥ ያለ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ከግቢው ወጣ ብለው ኮረብታ ላይ ያሠሩት ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የእሳቸውና የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱ አጽምም እዚያው ነው ያለው። ሰው አይበዛበትም። በሰርግ ጩኸት ጆሮው የደከመ ሰው ቁስቋምን ይምረጥ። ለፎቶ የመጣ መዋኛውን።

የት እንብላ?

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሸወዳሉ። ሰርግ ቤት ዶሮ ወጥ፣ ጥብስ፣ ቁርጥ ስትበሉ ከርማችሁ ሬስቶራንት ገብታችሁ ደግሞ ዶሮ ወጥ ታዛላችሁ። ለምን? ሆዳችሁ የሚፈልገው በየአይነቱ ወይም የሚንተከተክ ተጋቢኖ ነው። ረቡዕና አርብ ከሆነማ የጾም ምግብ የትም ይገኛል፣ ያውም ትኩስ ትኩሱን።

ፎር ሲስተርስ ከግቢው አጠገብ ያለው የባህል ምግብ ቤት ነው፣ ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም። እጅ ታጥባችሁ፣ እንጀራ ሲጋገር አይታችሁ፣ ግድግዳው በሥዕል ተሞልቶ ትበላላችሁ። ከውጭ አገር የመጣ የሙሽራው ጓደኛ ወይም እዚያ የተወለዱ የአክስት ልጆች ካሏችሁ እዚያ ውሰዷቸው፣ አትጸጸቱም። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ለመጣ ሰው ግን ያንን ሁሉ ሰርግ ቤቱ በነጻ አቅርቦለታል።

ጎሃ ሆቴል ከኮረብታው ላይ ከተማዋን ቁልቁል ያሳያችኋል። አመሻሹ 12 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ግንቦቹ ከዛፉ መሃል ብቅ ብለው ይታያሉ። ለዕይታው ብላችሁ ቡና ወይም አንድ ዳሽን ያዙና ተቀመጡ፣ ቢራው የከተማው ልጅ ነው። እራቱን ሌላ ቦታ ብታደርጉትም ችግር የለውም።

ገንዘብም ጊዜም ቆጣቢ ከሆናችሁ ፒያሳ። ጣሊያን የሠራቸው ቤቶች አሁንም አሉ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ኢትዮጵያ ካፌ። ጠዋት ማኪያቶ በዳቦ፣ ከሰዓት ስፕሪስ። ሰርጉ እስኪጀመር ሰው መጠበቂያም ነው።

ማታስ?

ሰርጉ ላይ ባንድና ዲጄ አይታችኋል፣ ስለዚህ የማታው ምርጫ አዝማሪ ቤት ነው። ሌላ ጭፈራ ቤት በየከተማው አለ። ማሲንቆ ይዞ የሚመጣው ሰውዬ ግን ፊታችሁን አይቶ ግጥም ይፈጥራል። የሙሽሮቹን ስም ሹክ በሉትና ተቀመጡ፤ ሚዜውን ሳይነካካ አያልፍም። ዝርዝር ብር ያዙ፣ ባዶ እጅ ከተገኛችሁ ግጥሙ ወደ እናንተ ይዞራል።

አንድ ሙሉ ቀን ለተረፈው

ሰሜን ተራሮች፣ ጎርጎራ ወይስ ኮሶዬ? ከሁሉ በፊት፣ ከከተማ ከመውጣታችሁ የመንገዱን ሁኔታ የዚያኑ ዕለት ጠዋት የአገሬውን ሰውና ሹፌሩን ጠይቁ። "አይ ሰላም ነው" ሲሏችሁ ነው የሚኬደው።

ሰሜን ተራሮች የሁሉም አለቃ ነው። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ትኬትና ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ከዚያ ይዛችሁ ወደ ሳንቃበር ትወጣላችሁ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንጋ ሆነው ሣር ሲነጩ አጠገባቸው መቀመጥ ትችላላችሁ። ግን ሌሊት መነሳት አለባችሁ፣ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ይበርዳል፣ ራስ ምታትም አለ። ሌሊቱን ሲጨፍር አድሮ ለሚነሳ ሰው አልመክርም።

ጎርጎራ ተቃራኒው ነው። ጣና ዳር፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሞቅ ያለ። ደብረ ሲና ማርያምን ታያላችሁ፣ አዲሱ ሪዞርትም አለ፣ የተጠበሰ አሳ ትበላላችሁ። የደከመ ቤተሰብ ሰብስቦ ለሚሄድ ጎርጎራ።

ኮሶዬ የሁለቱ አማካይ ናት። በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላችሁ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ያን ሁሉ ቆላ ቁልቁል ማየት ነው። ጠዋት ሄዳችሁ ለምሳ ትመለሳላችሁ። ከሰዓት መልስ ላለባቸው ሰዎች የምለው ይሄን ነው።

ማረፊያን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ሰርጉ ጥር ውስጥ ከሆነ፣ በተለይ ከጥር 10 እስከ 12 ባሉት ቀናት፣ ከተማው በጥምቀት እንግዳ ይሞላል። አልጋውን ቀደም ብላችሁ ካልያዛችሁ "ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" ይሆናል። አየር ማረፊያው በአዘዞ በኩል 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ የጠዋት በረራ ያለው ሰው ለመኪናው ማታውኑ ይነጋገር።