ከማዳበሪያው በፊት ሥሩን ላዩልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው የብርቱካን ችግኞቼን ከመጥፋት የታደጉልኝን የችግኝና የአፈር ባለሙያ ከልብ ለማመስገንና እንደ እኔ ለተቸገረ ሰው ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ አልጠቅሰውም፤ አድራሻቸውን ለሚፈልግ ግን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ።

ችግኞቼ በበቀሉ በጥቂት ወራት ውስጥ እድገታቸው ቆመ፤ ቅጠላቸውም አንሶ ቀለሙ ደበዘዘ። አንድ የግብዓት ሻጭ በመከረኝ መሠረት ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ጨመርኩ፤ ደግሜም ጨመርኩ፤ ለውጥ አልነበረም። እኚህ ባለሙያ መጥተው ችግኞቹን ካዩ በኋላ «ዘሩን ከመዝራትዎ በፊት አፈሩን ምን አደረጉት?» ብለው ጠየቁኝ። በሽታ እንዳይኖርበት በእንፋሎት ማብሰሌን ስነግራቸው አንዱን ችግኝ በጥንቃቄ ነቀሉ፤ ከሥሮቹም እንደ ክር የቀጠኑትን ቆርጠው ወሰዱ።

ሥሩን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ በሚባል ኬሚካል ካሞቁት በኋላ የብዕር ቀለም በተቀላቀለበት ኮምጣጤ ነክረው በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ፤ ውስጡ ባዶ ነበር። ቀጥለውም ከአንድ ጤነኛ የብርቱካን ዛፍ የተወሰደ ሥር በተመሳሳይ መንገድ አዘጋጅተው አስቀመጡልኝ። በሥሩ ሕዋሳት መካከል ሰማያዊ የፈንገስ ክሮች ይተላለፋሉ፤ በአንዳንዱ ሕዋስ ውስጥም ክሩ ተበታትኖ ቅርንጫፉ የበዛ ትንሽ ዛፍ መስሏል። ፈንገሱና ተክሉ ንጥረ ነገር የሚለዋወጡት እዚያች ዛፍ መሳይ ነገር ላይ እንደሆነ ያስረዱኝ ያን ጊዜ ነው።

ይህ የፈንገስና የሥር ሽርክና ማይኮራይዛ ይባላል፤ ስሙን በ1885 ያወጣው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ሲሆን ትርጉሙም «የፈንገስ ሥር» ማለት ነው። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ ከቦታው እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ሥሩ በዙሪያው ያለችውን አንድ ሁለት ሚሊሜትር ካሟጠጠ በኋላ ሌላ ቢኖርም አይደርስበትም። ውፍረታቸው ከጥቂት ማይክሮሜትር የማይበልጠው የፈንገሱ ክሮች ግን ሥሩ ሊገባ በማይችልበት ቀዳዳ ሁሉ እየገቡ ከብዙ ሴንቲሜትር ርቀት ፎስፈረስና ዚንክ ያመጡለታል፤ ተክሉም በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ምግብ ያካፍላቸዋል። ይህ ሽርክና 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ የስኮትላንድ ቅሪተ አካላት ውስጥ ጭምር መታየቱን ስሰማ፣ እኔ በአንድ ቀን እንፋሎት ያጠፋሁትን ነገር አስቤ እጅግ አዘንኩ።

ባለሙያው ፈንገሱን የሚያራቡት በንጹሕ አሸዋ ላይ በዘሩት ማሽላ ሥር ነው፤ ሕይወት ካለው ሥር ተለይቶ አይራባምና። ከጥቂት ወራት በኋላ ሥሩን ከነአሸዋው ከታትፈው፣ ችግኞቹን ሳዛውር ከእያንዳንዱ ሥር ግርጌ እፍኝ እፍኝ እንዳደርግ ሰጡኝ። ፎስፈረስ የጠገበ ተክል ፈንገሱን ስለማያስጠጋ ማዳበሪያውን እንዳቆም አዘዙኝ፤ ለማነጻጸርም አሥር ችግኞች ያለ ፈንገሱ እንዲቀሩ አጥብቀው አሳሰቡኝ። በሦስተኛው ወር የታከሙት አዲስና ሰፊ ቅጠል አወጡ፤ አሥሩ ግን በነበሩበት ቀሩ። እነሱንም በኋላ አከምናቸው።

ከሙያቸው በላይ ያከበርኩት ሐቀኝነታቸውን ነው። ለጎመን መደቤም እንዲሸጡልኝ ስጠይቃቸው፣ ጎመንና ሰናፍጭ ከእነዚህ ፈንገሶች ጋር ስለማይወዳጁ ገንዘቤን በከንቱ እንዳላወጣ ነገሩኝ፤ ቀይ ሥርና ስፒናችም እንዲሁ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ልዩ ልዩ ተክል ለማይለየው ማሳዬም ፈንገሱ አስቀድሞ ሊኖርበት ስለሚችል ምንም አልሸጡልኝም። እዚያ የመከሩኝ ማረሱን እንድቀንስና መሬቱን ራቁቱን እንዳልተው ብቻ ነው፤ ደጋግሞ ማረስ የክሮቹን መረብ ይበጣጥሰዋል።

ወደ እሳቸው የምትሄዱ ሰዎች ከደከመውና ከጤነኛው ተክል ቀጫጭኑን ሥር ከነአፈሩ ውሰዱ፤ እንዳይደርቅም በእርጥብ ወረቀት ጠቅልሉት። ጸረ ፈንገስ መድኃኒት ረጭታችሁ ከሆነ ስሙንና የረጫችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ፤ መጠየቃቸው አይቀርም።